«በግልጽ ይናገሩ» ላሉን የምቾት መምሪያ ኃላፊ

ለተከበሩ የደንበኞች ምቾት መምሪያ ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ ቤታችንን ስላቀለሉልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። በተለይ ምላስዎና ቀኝ እጅዎ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ እንዲታዘዙልዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ምላሱ ወይም እጁ እምቢ ያለው ሰው በእርስዎ ዕቃ ፊት ምን እንደሚደርስበት በዓይኔ አይቻለሁና ለጠላቴ እንኳ አልመኘውም፣ ለእርስዎማ እንዴት ብዬ።

እኔ በአንድ መነጽር ቤት የኋላ ክፍል ሌንስ እየሞረድኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። የምኖረው ከአባቴ ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ በሚያይ ቤት ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ መናኸሪያ ጥሪ አቅራቢ ነበሩ፤ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ ማን ሻንጣውን ረስቶ እንደሄደ፣ የማን ልጅ ጠፍቶ መረጃ ክፍል ውስጥ እያለቀሰ እንደሚገኝ በድምፅ ማጉያ የሚያሰሙት ሰው እሳቸው ነበሩ። ባልደረቦቻቸው «መለከት» ይሏቸው ነበር። ገበያ ወጥተው ዋጋ ሲጠይቁ፣ መልካቸውን አይቶ የማያውቅ ሻጭ ቀና ብሎ «እርስዎ የመናኸሪያው ሰውዬ አይደሉም እንዴ?» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ምንም እንዳልመሰላቸው ሆነው ያልፉና እቤት ሲገቡ ግን ይህንኑ ሳይነግሩን አይውሉም ነበር።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውን ያዘው፣ ምላሳቸውንም አሰረው። ሐሳባቸው እንዳለ ነው፤ አልወጣም ያለው ቃሉ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ገና በመጀመሪያው ቀን እኔን ወደ ኮሪደር አውጥታ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ነገረችኝ፤ «ቃሉን ከአፋቸው አትንጠቂ። ጠብቂያቸው። የሚናገሩበት ምክንያት ስጫቸው እንጂ አትናገሪላቸው» አለችኝ። ይህን ምክር ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ከተሰጠን ምክር ጋር ያመዛዝኑት ዘንድ ቦታው ሲደርስ አቀርብልዎታለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራው ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ሪሞቶቻችንን ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። ሦስት ነበሩን፤ አንዱ የቴሌቪዥኑ፣ አንዱ የዲኮደሩ፣ አንዱ ደግሞ ከኢንተርኔት ፊልምና ጨዋታ የምታመጣው የትንሿ ሳጥን። የቴሌቪዥኑ ከተገዛ ጀምሮ ከላስቲኩ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የዲኮደሩ የባትሪ ክዳኑ ጠፍቶ በእኔ የፀጉር ማስያዣ ታስሮ ነበር። የትንሿ ሳጥን ሪሞት ላይ ደግሞ ማብሪያዋ በዳሰሳ እንድትለይ የቁስል ፕላስተር ለጥፈንባት ነበር። ለዓይን የሚያምሩ አልነበሩም። አባቴ ግን በወንበራቸው ግራ መደገፊያ ላይ ደርድረዋቸው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ በግራ እጃቸው ዳብሰው የሚፈልጉትን ያነሱ ነበር። ቀን ቀን እኔ ሥራ ስውል እግራቸው በቅጡ አይታዘዛቸውም፣ ቀኝ እጃቸው አይታዘዛቸውም፣ አፋቸው አይታዘዛቸውም፤ ቴሌቪዥኑ ግን ይታዘዛቸው ነበር። ከዜና ወደ ኳስ፣ ከኳስ ወደ አሮጌ ፊልም ሲሉ፣ አንዳንዴም ድምፁን ሆን ብለው ከፍ ሲያደርጉ፣ ቢያንስ በአንድ ነገር ላይ አለቃ ነበሩ።

የቴሌቪዥን አገልግሎት የሚሰጠን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ታዲያ አሮጌው ዲኮደር ከእንግዲህ እንደማይሠራ አስታውቆ ቤቱን «የሚያቀል» ባለሙያ ላከልን። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ምንጣፋችን እንዳይቆሽሽ ጫማውን በላስቲክ ሸፍኖ ነው የገባው። ገመዱን ሁሉ ነቃቅሎ፣ ጠቅልሎ፣ መደርደሪያው ላይ አንዲት ጥቁር ክብ ነገር አስቀመጠና «ቴሌቪዥኑም፣ ቻናሉም፣ ፊልሙም፣ ስፒከሩም ከእንግዲህ በዚህች ነው፤ አለቀ» አለን። ከዚያም ሦስቱን ሪሞቶች ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ጨመራቸው። አባቴ ግራ እጃቸውን ዘርግተው «የ… የ…» አሉ። «የኔ ናቸው» ሊሉ ነበር። ባለሙያው ፈገግ ብሎ «አይጨነቁ አባባ፣ አያስፈልጉዎትም» አላቸው። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ሰውየው ከቤት ወጣ።

ሁለተኛ፤ መቆጣጠሪያውን በሙሉ ስልኬ ውስጥ ስላስገቡልን አመሰግናለሁ። ይህ ትልቅ መላ ነው፤ አንድ እንከን ብቻ አለው፤ ስልኩ የእኔ ነው፣ እኔ ደግሞ ሥራ እሄዳለሁ። ለአባቴ ሌላ ስልክ ገዝቼ ባስለምዳቸው የግራ አውራ ጣታቸው በመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ፣ አንዱን ሲሉ ሌላውን እየከፈተ አስቸገራቸውና ስልኩን በፊቱ ደፍተው አስቀመጡት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዜናውን ከፍቼላቸው መውጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ የሕፃናት መዝሙር ይሰማኛል። በሩን ከፍቼ ስገባ አባቴ በዚያው ወንበር ላይ፣ የሶፋውን ትራስ በግራ እጃቸው ጆሮአቸው ላይ ተጭነው ተቀምጠዋል። ዜናው ሲያልቅ ጥቁሯ ዕቃዎ «ለእርስዎ የመረጥንልዎ» ብላ የካርቱን ጥንቸሎች ከፍታላቸው ኖሯል፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው፣ ያ ሲያልቅ ሌላው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚነካ ቁልፍ የለም፤ ሶኬቱም ከቁም ሳጥኑ ኋላ ስለሆነ መንቀል አይችሉም። «አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላቸው መልስ ከመስጠት ይልቅ በጣታቸው ከመስኮቱ ውጪ የጎረቤቱን ግድግዳ አሳዩኝ፤ የጠዋት ፀሐይ የምታርፍበትን ጫፍ።

ሦስተኛ፤ እኔ ሌንስ እየሞረድኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ በራሱ ተነክቶ፣ የሠፈራቸው ልጅ የሚጫወትበት ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷን ባስቀመጠበት ቅጽበት ጨዋታውን ወደ ሽንኩርት አከታተፍ ስለቀየረባቸው አመሰግናለሁ። አባቴ በኋላ በምልክት እንዳስረዱኝ ሽንኩርቱ በደንብ ተከትፎ ነበር።

አራተኛ፤ ይህን ሁሉ አቤት ብዬ ስደውል «ታዲያ ለምን በድምፅ አያዙትም?» ብላችሁ ስለመከራችሁን አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ፍርድ ማጉደል አልፈልግም፤ ወሬው አባቴን አስደስቷቸዋል። ያስቡት ክቡር ሆይ፤ ዕድሜ ልካቸውን በድምፃቸው እንጀራ የበሉ ሰው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ሥራዋ መስማት ብቻ የሆነ ነገር እቤታቸው መጣችላቸው። በማግሥቱ ጠዋት በግራ እጃቸው ፂማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ከመደርደሪያው ፊት ተቀመጡ። መመሪያው «ክፈት» ይበሉ ይላል። ጥቁሯ ዕቃ በሴት ድምፅ እንደምትናገር ያወቁት አባቴ ሴትን «ክፈት» ብሎ ማዘዝ ስድብ መስሏቸው መጀመሪያ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ክ… ክ…» ማለት ጀመሩ።

ሰማያዊው መብራት በራ፣ ትንሽ ቆየና ጠፋ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ በግልጽ ይናገሩ» አለቻቸው።

ድምጿ ያምራል፤ መካድ አይቻልም። አትቸኩልም፣ ፊደል አትውጥም። አባቴም እንደ ባለሙያ ራሳቸውን በአድናቆት ነቅነቅ አደረጉላት። ዳግም ሞከሩ። አሁንም በግልጽ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጡም፤ እንዲያውም ከዚያ ቀን በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው «ክፈት»ን ሲለማመዱ እሰማቸው ነበር፤ «ክፈ… ክፈት…»፤ አንዳንዴ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ብቻቸውን ሲስቁም ሰምቻለሁ። እኔም ከበሩ ማዶ የታጠበ ልብስ እንዳቀፍኩ ቆሜ ስቄያለሁ። ስለዚያች ሰሞን ያለ ምፀት አመሰግንዎታለሁ፤ ለዚህ ደብዳቤ ያለ ምፀት ያገኘሁት ምስጋና ግን እሷው ብቻ ናት።

አምስተኛ፤ ይህንን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ ቢሆንም የጀመርኩትን ልጨርስ።

የአባቴ የድሮ ባልደረቦች፣ ቲኬት ቆራጩና ዕቃ ጠባቂው፣ ትልቅ ጨዋታ በነበረበት እሁድ ሊጠይቋቸው መጡ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፤ ቴሌቪዥኑን ልከፍት ስልኬን ሳነሳ አባቴ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ፤ ደረታቸውንም ነኩ፤ «እኔ» ማለታቸው ነው። ስልኩን አስቀመጥኩ። አባቴ ልክ ማይክራፎን ፊት እንደሚቆሙ ሁሉ ቀና ብለው ተቀመጡና «ክ… ክፈት!» አሉ። ወጣ። ዘግይቶ ግን ሙሉ ሆኖ፣ ያለ ማንም እርዳታ ወጣ። እርስዎ ለአባቴ የፈቀዱት ጊዜ ግን ከቃሉ ቀድሞ አልቆ ነበርና መብራቱ ጠፍቷል። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ በግልጽ ይናገሩ» አለች። ደገሙት። ደገመችው። ሲሠልሱት ግን ያ የወጣው ቃል ተመልሶ ጉሮሯቸው ውስጥ ተሰነቀረ። ዕቃ ጠባቂው የጫማውን ማሰሪያ መፍታትና ማሰር ጀመረ። ያን ጊዜ ቲኬት ቆራጩ፣ እግዜር ይስጠውና ለበጎ አስቦ፣ ወደ መደርደሪያው ዞር ብሎ ቀለል አድርጎ «ክፈት» አለ።

«እሺ፣ በደስታ!» አለችው፤ ቴሌቪዥኑም ተከፈተ።

የማን ቡድን እንዳሸነፈ የሚነግርዎ ሰው ከእኛ ቤት አያገኙም። ቲኬት ቆራጩ ፊቱ በሐፍረት ቀልቶ «መለከት፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። አባቴ በደህናው ግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉለት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረጉት፤ ሊያጽናኑት ነው እንግዲህ። ሲሸኟቸውም እስከ በሩ ድረስ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ውኃ ሲፈልጉ ብርጭቆውን ያሳዩኛል፤ ደግሜ ብጠይቃቸው ብርጭቆውን ይተዉታል። መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ከውኃው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። ሰው «ለአፍ ዳገት የለውም» ይላል፤ ላልታመመ አፍ እውነት ነው። አባቴ ያን ዳገት በአራት እግራቸው እየዳሁ ወጥተውት ነበር። ጫፍ ላይ ሲደርሱ የጠበቀቻቸው ያቺ ጨዋ ድምፅ ናት።

የንግግር ባለሙያዋ በቀጠሮው ቀን ስታያቸው ደነገጠች። «እኚህ ሰው ሁለት ሁለት ቃል እያጣመሩ አልነበረም? ማን ምን ብሏቸው ነው?» አለችኝ። «ማንም ምንም አላላቸውም። ቤቱን አቅልለን ነው» አልኳት።

ስድስተኛ፤ እንዳለፈው ሁሉ አሁንም ስደውል ስልኩን ያነሳችልኝን ወጣት አመሰግናለሁ። ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ አዘነችልኝም መሰለኝ። ከዚያ «ይሄማ ቀላል ነው እኮ እህቴ፣ ሌላ ሰው ይናገርላቸው» አለችኝ። ቦታው ሲደርስ አቀርብልዎታለሁ ያልኩት ምክር ይህ ነው፤ ከንግግር ባለሙያዋ ምክር ጎን አስቀምጠው ይመልከቱት። እሺ፣ ሪሞቶቻችንን መልሱልን ስላት የተሰበሰቡ አሮጌ ሪሞቶች እንደተወገዱ፣ አንዴ የቀለለ ቤትም ወደ ቀድሞው የሚመለስበት አሠራር እንደሌለ አስረዳችኝ። በመጨረሻም «ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖራል?» አለችኝ። ልጅቷን አልቀየምኳትም። የምትለው ሁሉ ተጽፎ ተሰጥቷት ነው የምታነበው፤ እሷም የሚናገርላት ሰው አላት።

ሰባተኛ የለኝም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ያለ ቁጥር ልንገርዎ፣ ምክንያቱም እርስዎ የሉበትም።

ጥቁሯን ዕቃ ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር ከተትኳት። ቤቱ ጭር አለ፤ አባቴም የጎረቤቱን ግድግዳ እያዩ መዋል ጀመሩ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ያገቡላት፣ የስፌት መኪናዋ ጠዋት ከወፍ ቀድሞ የሚነሳ ሴት። የኳሱ ጩኸት ከላይ መጥፋቱ ከንክኗት ኖሮ አንድ ቅዳሜ በራችንን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ታመሙብን እንዴ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። አሰበችና «የኔ ቴሌቪዥን ሪሞቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ሆዱ ላይ ያለውን ቁልፍ እየነካሁ ነው የማየው። ይምጡ፣ አብረን እናያለን» አለች። አባቴ አንገታቸውን በእምቢታ ቢያወዛውዙም አልሰማቻቸውም፤ ደግፋ አስነስታ በአንድ ጎን እሷ፣ በሌላው እኔ ሆነን አወረድናቸው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግማሹ ጨርቅ፣ ግማሹ ወንበር ነው። ቴሌቪዥኑ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ስለሆነ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ በረጅሙ የእንጨት ማስመሪያዋ ቁልፉን ወጋ ታደርገዋለች፤ ቻናሉ ይቀየራል። ሥራ ላይ ስትሆን ደግሞ ስፒሎቿን በከንፈሯ ስለምትይዝ መናገር አትችልም። ስለዚህ ማስመሪያዋን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ፣ ቅንድቧን ወደ አባቴ ከፍ ታደርጋለች፤ «ይሄ ይሁን?» ማለቷ ነው። ከዚያ ትጠብቃለች። እጅጌ እያዞረች፣ ክር እየሳበች፣ ማስመሪያዋን እንደዘረጋች ትጠብቃለች። ማንም በዚያ ክፍል ውስጥ በግልጽ አይናገርም።

በየቀኑ ከሥራ በፊት አወርዳቸው፣ ስመለስ አወጣቸው ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የልብስ ሰፊዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ስለ አየር ሁኔታ ይናገራል። ማስመሪያው ተዘርግቷል፣ ስፒሎቹ ከንፈሯ ላይ ናቸው። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ በደረጃው ላይ ቆሜ ቃሉን በሆዴ እያልኩላቸው፣ በአፌ እንዳይወጣ ከንፈሬን ነክሼ ጠበቅኩ። «ሌ… ሌ… ላ» አሉ። ማስመሪያው ቁልፉን ወጋ አደረገው። አየር ሁኔታው ሄዶ ኳሱ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ምንም እንዳልሆነ እጅጌዋን ማዞሯን ቀጠለች፤ አላጨበጨበችም፣ አልጮኸችም። አባቴም አላዩኝም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና፣ ክቡር ሆይ፣ ለስትሮኩ እንኳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

አሁን አባቴ ወደ ሦስት ቃል ደርሰዋል፤ አንዱ ያው «ሌላ» ነው፤ አንዱ «ዝቅ» ነው፤ አንዱ የልብስ ሰፊዋ መጠሪያ የሆነው «እህት» ነው። የመናኸሪያው ድምፅ ግን አልተመለሰም፤ የንግግር ባለሙያዋም ይመለሳል ብላ አልዋሸችኝም። የጠፋው ሰሞን ደግሞ ጠፍቷል፤ ለዚያ ማስተካከያ መመሪያ እንደሌለዎት አውቃለሁ።

ካሣ አልጠይቅም። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ «ቀላል» የሚለውን ቃል ዕቃዎ ላይ ከመጻፍዎ በፊት ለማን እንደቀለለ አንድ ጊዜ ይጠይቁ። ሦስት ሪሞት አንድ ማድረግ ማቅለል አይደለም፤ ማቅለል ማለት ሰው ራሱ የሚችለውን ራሱ እንዲያደርገው መተው ነው። አንዲት በጣት የምትዳሰስ ቁልፍ፣ ቃል ላጣም ላላጣም፣ ለግራ እጅም ለቀኝ፣ በዚያች ክብ ነገርዎ ጀርባ ላይ ቢያኖሩ ውበቷ ይጎድላል ብዬ አልሰጋም። መብራቷም ከመጥፋቷ በፊት አንድ ትንፋሽ ብትጨምር የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ አይስተጓጎልም።

ውድ ጊዜዎን ለዚህ ያህል ረጅም ንግግር ስለሰጡኝ፣ ይኸውም ለአባቴ ከሰጡት እጅግ የበለጠ ስለሆነ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ ይደላዎ ዘንድ፣ ድምፅዎም በሄዱበት ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራ ይሰማ ዘንድ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የመለከት ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልልከው ስል ከመሥሪያ ቤትዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፤ «በዚህ ወር ከቤትዎ ምንም ድምፅ አልሰማንም። ናፍቀውናል! አንድ ቃል ብቻ ይበሉን» ይላል። ለአባቴ አነበብኩላቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኔም ሳልነጥቅ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ለእርስዎ የሚሆን፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ፊደል እንኳ ያልጎደለው ቃል ተናገሩ። ጨዋ ደብዳቤ ስለሆነ እዚህ ላይ ልጽፈው አልደፈርኩም።